መቀሱ በማን እጅ ነበር? ከጆን ፎርድና ከሳትያጂት ሬይ የተነሳ ሙግት

መልሶቹ ከታች በተራ የሚጠቀሱበትን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሆሊዉድና ከህንድ ሲኒማ ዳይሬክተሮች መካከል ታላቁ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ የራሴንም መልስ አስቀድሜ የሆሊዉዱ ጆን ፎርድ ነው ብዬ አስቀመጥሁ። ምክንያቴ ይህ ነበር። በሆሊዉድ የስቱዲዮ ዘመን ፊልሙ የዳይሬክተሩ ንብረት አልነበረም፤ ቀረጻው እንዳበቃ ኔጋቲቩን፣ ማለትም የተቀረጸውን ዋናውን ፊልም፣ የሚረከበው ስቱዲዮው ሲሆን፣ ምን ተቆርጦ ምን እንደሚቀር የሚወስነውም ፕሮዲዩሰሩ ነበር። ፎርድ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ለፊልሙ የሚያስፈልገውን ብቻ ይቀርጽ ነበር። አንዱን ትዕይንት ከብዙ አቅጣጫ እየደጋገመ ስለማያነሳ፣ ኤዲተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ቁራጭ ሊገጣጠም የሚችለው እሱ ባሰበው መንገድ ብቻ ነበር። መቀሱ በሌላ ሰው እጅ ቢሆንም የመቁረጫውን መስመር ያሰመረው እሱ ነበር ማለት ነው። በ1935፣ በ1940፣ በ1941 እና በ1952 በወጡ አራት ፊልሞቹ የምርጥ ዳይሬክተርነትን ኦስካር አግኝቷል፤ በዚህ ዘርፍ አራት ጊዜ የተሸለመ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በዚያው ጽሑፌ የህንዱን ሳትያጂት ሬይን ሁለተኛ አድርጌ፣ ከበላዩ የሚያዘው ስቱዲዮ ስላልነበረ ፈተናው ቀላል ነበር ብዬ ጨመርኩ። አብዛኛውን ሙግት ያስነሳችው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 በጨዋነት የተጻፈ ነበር። ጸሐፊው ፎርድን በመምረጤ ተስማምተው ሽልማቱን እንደ ማስረጃ መጥቀሴን ግን ነቀፉ፤ ከአራቱ ኦስካሮች አንዱም ለካውቦይ ፊልም የተሰጠ አይደለምና። የፎርድ ስም እስከ ዛሬ የሚነሳው ግን በሞኑመንት ቫሊ ቀይ ዓለቶች መካከል በቀረጻቸው ፊልሞች፣ በተለይም በ1939ኙ «ስቴጅኮች» እና በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ነው። ሸላሚዎቹ የሰውዬውን ትልቁን ሥራ አላዩትም ማለት ነው። ነቀፌታው ትክክል ስለነበር ወዲያው ተቀበልኩት።

መልስ 2 አጭር ነበር፤ ሽልማት መለኪያ ከሆነ አልፍሬድ ሂችኮክ ምንም ሳያገኝ ሞቷል ይላል። በመልስ 3 እርማት መጣ። ሂችኮክ ለምርጥ ዳይሬክተርነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንዱንም አላሸነፈም እንጂ፣ በ1968 ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የኧርቪንግ ታልበርግን የክብር ሽልማት ሰጥቶታል። የ1940 ፊልሙ «ርቤካ» የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ሲመረጥም ዋንጫውን የወሰደው ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ነበር። አራሚው ይህን የጠቀሱት የእኔን ነጥብ ለማጠናከር ነው፤ በዚያ ዘመን ፊልሙ በሕግም በክብርም የማን እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

በመልስ 4 ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው የህንድ ሲኒማ በዚህ ጥያቄ ውስጥ መግባቱ ራሱ ስህተት ነው አሉ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዘፈንና ጭፈራ፣ አንድ ሰው በቡጢ አሥር ሰው የሚጥልበት ነገር የዳይሬክተር ጥበብ ተብሎ አይቆጠርም ሲሉ ጻፉ። መልስ 5 ለዚህ በትዕግሥት መለሰ። በህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም «አላም አራ» በ1931 ሲወጣ ሰባት ዘፈኖች ነበሩበት፤ ዘፈኑም ከእሱ በፊት ከነበረው የመድረክ ቴአትር የተወረሰ እንጂ ለገበያ ሲባል በኋላ የተለጠፈ አይደለም። ቁም ነገሩ ዘፈን መኖሩ ሳይሆን ዳይሬክተሩ ዘፈኑን ለምን እንደሚጠቀምበት ነው አሉ።

የመልስ 6 ጸሐፊት ከዚህ በላይ ሄደው፣ እንደ እኔ አስተያየት ከክሩ ምርጥ ጽሑፎች አንዱን ጻፉ። የመልስ 4ን ባለቤት የህንዱን ዳይሬክተር የጉሩ ዱትን ሥራ አይተው ያውቁ እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ የ1957ቱን ፊልሙን «ፒያሳ»ን አነሱ፤ በህንድኛ ጥማት የያዘው ወይም የተጠማ ማለት ነው። ግጥሙን የሚያትምለት ያጣ ገጣሚ ሞቷል ተብሎ ሲታመን መጽሐፉ ይታተማል፣ ሕዝቡም ያመልከዋል። የመታሰቢያው በዓል በሚከበርበት አዳራሽ ገጣሚው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ብርሃኑ ከጀርባው፣ እጆቹ በበሩ መቃን ላይ ተዘርግተው፣ ይህ ዓለም ቢገኝስ ምን ይረባል እያለ ማዜም ይጀምራል። ጸሐፊቷ እንዳሉት ያ ዘፈን ቢወጣ ፊልሙ ይፈርሳል፤ ንግግር ሊሸከመው የማይችለውን የተሸከመው እሱ ነውና። ቀጥለውም «ካጋዝ ኬ ፑል» የተባለውን የ1959 ፊልሙን አነሱ። በህንድ በሲኒማስኮፕ፣ በሰፊው የማያ ገጽ ስልት፣ የተሠራ የመጀመሪያው ፊልም ሲሆን፣ ታሪኩም ክብሩን ያጣ የፊልም ዳይሬክተር ታሪክ ነው። ሕዝቡ አልተቀበለውም። ጉሩ ዱት ከዚያ በኋላ ፊልም ማውጣቱን ባያቆምም ስሙን በዳይሬክተርነት ዳግመኛ አላሰፈረም፤ በ1964 በ39 ዓመቱ ሞተ። የገዛ ኩባንያው ባለቤት ስለነበር መቀሱን የሚነጥቀው አልነበረም፤ ሆኖም ገንዘቡም የራሱ ስለነበር ኪሳራው በእሱ ላይ ብቻ ወረደ። ነጻነትን እንደ ቀላል ነገር መቁጠሬ የተናጋው መጀመሪያ በዚህ መልስ ነው።

ዓረፍተ ነገሬን ፈጽሞ የጣላት ግን መልስ 7 ነው። ጸሐፊው፣ ከአጻጻፋቸው በዕድሜ የገፉ ይመስለኛል፣ ሬይ የመጀመሪያውን ፊልሙን «ፓተር ፓንቻሊ»ን እንዴት እንደሠራ በዝርዝር አቀረቡ። ሬይ በካልካታ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሥዕል ባለሙያ ነበር። ቀረጻውን በ1952 ሲጀምር ሥራውን አልለቀቀም፤ በእረፍት ቀናት ይቀርጽ ነበር። የሕይወት መድን ውሉን አስያዘ፣ የሚስቱ ጌጣጌጥም መያዣ ሆኖ ገባ። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ የማያውቅ ወጣት ነው። ሁለቱ ልጆች ባቡር ለማየት ነጭ አበባ በሞላበት መስክ የሚሮጡበትን ትዕይንት የመጀመሪያ ቀን ገሚሱን ቀርጸው በሳምንቱ ሲመለሱ አበባውን ከብት ግጦት ጠበቃቸው፤ ቀሪውን ለመቅረጽ አበባው እንደገና እስኪያብብ መጠበቅ ነበረባቸው። ገንዘቡ ሲያልቅ ቀረጻው ለወራት ቆመ። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ረዳው፤ የፊልሙ ስም የመንገድ ዜማ የሚል ትርጉም ስላለው ወጪው በመንገድ ማሻሻያ በጀት ተመዘገበ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ገደማ ሬይን ያስጨነቀው የልጁ ድምፅ እንዳይጎረንን፣ ልጅቷ እንዳታድግ፣ በሰማንያ ዓመቷ አካባቢ የነበረችው አሮጊት ተዋናይትም ፊልሙ ሳያልቅ እንዳትሞት ነበር። ፊልሙ በ1955 ወጣ።

ጸሐፊው ይህን ካሉ በኋላ እኔን በቀጥታ ጠየቁኝ፦ ፎርድ በሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሲገባ ካሜራው፣ መብራቱ፣ ፈረሶቹና ደመወዝተኞቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ ለዚህኛው የሚጠብቀው ምን ነበር? የምመልሰው አልነበረኝም። ከሬይ በላይ ስቱዲዮ አለመኖሩን ነጻነት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ፤ ገንዘብ ማጣት ግን ፕሮዲዩሰር ከሚቆርጠው የበለጠ ሊቆርጥ ይችላል። ስህተቴን እዚያው አምኜ ጻፍኩ።

መልስ 8 ሬይን የቦሊዉድ ንጉሥ ብሎ አሞገሰ፤ መልስ 9 ቆጣ ብሎ አረመው። ቦሊዉድ በቦምቤ፣ በዛሬዋ ሙምባይ፣ የሚሠራው የህንድኛ ቋንቋ ፊልም ነው። ሬይ ግን የካልካታ ሰው ነው፤ ከ1977ቱ «ሻትራንጅ ኬ ኪላሪ» በስተቀር ረጃጅም የሲኒማ ፊልሞቹ በቤንጋልኛ የተሠሩ ናቸው። አራሚው ያወቀውን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የሚጠብቁ ስለሚመስሉ ቃላቸው ትንሽ ከረር አለ፤ ቁም ነገሩ ግን ትክክል ነው።

መልስ 10 ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ የምትሠራ እህታችን የጻፈችው ነው። አብረዋት የሚሠሩት ህንዶች አብዛኞቹ የኬራላ ሰዎች እንደሆኑና እነሱ የሚኮሩበት ሲኒማ በማላያላም ቋንቋ የሚሠራው እንደሆነ ነገረችን። በእነሱ ምክር ያየችው የአዶር ጎፓላክሪሽናን የ1981 ፊልም «ኤሊፓታያም» ነው፤ የአይጥ ወጥመድ ማለት ነው። ዘመኑ ያለፈበት ባለርስት በገዛ ቤቱ ተዘግቶ፣ በእህቶቹ ድካም እየኖረ፣ ከወንበሩ መነሳት እስኪያቅተው ድረስ ሲበሰብስ ያሳያል። ፊልሙ ስለ አገራችን ባላባቶች የተሠራ እስኪመስላት ድረስ እንደነካት ጻፈች። እኔ ፊልሙን ያየሁት በእሷ ጥቆማ ስለሆነ ላመሰግናት እወዳለሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገድ ወጣ። መልስ 11 የእህታችንን ጽሑፍ ተከትሎ ስለ ልጅነት ትዝታ ሆነ፤ ጸሐፊው በትምህርት ቤታቸው ሒሳብ ያስተማሯቸውን ህንዳዊ መምህር፣ በሲኒማ ቤት ደጃፍ የነበረውን ሰልፍ፣ ከቃሉ አንዱን ሳያውቁ በቃላቸው ያጠኑትን የራጅ ካፑር ዘፈን አነሱ። መልስ 12 እና 13 ደግሞ እናታቸው የሜህቡብ ካንን «ማዘር ኢንዲያ» እያዩ እንዴት ያለቅሱ እንደነበር ተጨዋወቱ። ትዝታው ደስ ቢለኝም ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመንኩ። አንድ ነገር ግን ከትዝታው ወስጃለሁ፦ ካፑርና ሜህቡብ ካን ቋንቋቸውን የማያውቅ ሰው በአገራችን አዳራሽ ሲያለቅስላቸው፣ ሬይና ፎርድ በዚያው አዳራሽ ያን ያህል ስም አልነበራቸውም። ዳይሬክተርን ስንመዝን ይህንም ከሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ይገባናል።

መልስ 14 ኃይሌ ገሪማ ለምን ተረሳ ብሎ ጠየቀ። መልስ 15 የሰጠው ማብራሪያ አጥጋቢ ነበር፤ ኃይሌ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ቢማርም፣ ያኔ አብረውት ከነበሩት ጥቁር ተማሪዎች ጋር የተነሳው ሆሊዉድ ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚያሳየውን ለመቃወም ነው። በ1976 ያወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የሆሊዉድ ፊልም ብሎ መጥራት ሥራውን መካድ ይሆናል። ስለዚህ የቀረው ተረስቶ ሳይሆን በክብር ነው።

መልስ 16 የሆሊዉዱን ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስን አስገባ፤ በመልስ 17 ደግሞ ጠብ ተነሳ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በሃያ አምስት ዓመቱ «ሲቲዝን ኬን»ን የሠራ ሰው ከሁሉ ይበልጣል ሲሉ፣ ሁለተኛው በእኔ መለኪያ ይዘው ዌልስ ወዳቂ ነው አሉ። ቀጣዩ ፊልሙ የ1942ቱ «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ» ነበር። ዌልስ ብራዚል ውስጥ ሌላ ፊልም እየቀረጸ ሳለ አር ኬ ኦ ስቱዲዮ ከአርባ ደቂቃ በላይ ቆርጦ ጣለ፣ መጨረሻውን በሌላ ሰው አስቀረጸ፣ የተቆረጠውንም አጠፋው። ፎርድ ይህ እንዲደርስበት አይፈቅድም ነበር አሉ። የተቀሙትን ሰው ስለተቀሙ ማሳነስ ግን ፍትሕ አይመስለኝም፤ መለኪያው የእኔ ቢሆንም እንዲህ እንዲያገለግል አላሰብኩም። የተረፈው ፊልም፣ በተለይ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ በጥላና በደረጃ መካከል የሚሆነው ሁሉ፣ ተቆርጦም ያስደንቃል።

መልስ 18 መቀሱ በስቱዲዮ እጅ ብቻ አልነበረም ሲል አስታወሰን። የራሜሽ ሲፒ «ሾሌ» በነሐሴ 1975 ሲወጣ በህንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀረጻ እጆቹ የተቆረጡት የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታውን ረግጦ ይገድለዋል፤ ሳንሱር ግን ሕግን በገዛ እጅ መውሰድ አይታይም ብሎ መጨረሻው እንዲቀየር ስላስገደደ፣ ሕዝቡ ያየው ፖሊስ ደርሶ ሲያስጥል ነው። እንዲህም ሆኖ በቦምቤው ሚኔርቫ ሲኒማ አምስት ዓመት ታየ። የእኛ አገር ሰው ስለ ሳንሱር ብዙ ማብራሪያ ስለማያስፈልገው መልስ 19 እና 20 በአጭሩ ተስማምተው አለፉ።

መልስ 21 ሂችኮክን እንደገና አነሳ። የ1960ውን «ሳይኮ»ን መሥራት ሲፈልግ ፓራማውንት ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ አልነበረም። ሂችኮክ 800,000 ዶላር ገደማ የሆነውን ወጪ ራሱ ሸፈነ፣ ለቴሌቪዥን ዝግጅቱ የሚሠሩለትን ባለሙያዎች ይዞ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ፣ በደመወዙም ፈንታ የፊልሙን ድርሻ ወሰደ። አንድ ደቂቃ የማይሞላውን የገላ መታጠቢያ ቤት የግድያ ትዕይንት ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጀ። በዚያ ትዕይንት ሙዚቃ እንዲኖር አልፈለገም ነበር፤ በርናርድ ኸርማን የጻፈውን የቫዮሊን ጩኸት ሲሰማ ግን ሐሳቡን ለወጠ። መቀሱን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ሌላ ሰው የተሻለ ሲያመጣ ደግሞ እጁን የመለሰ ሰው ነው ብለው ደመደሙ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ከፎርድ ይልቅ ሂችኮክን እንድመርጥ ያባበለኝ እሱ ነው።

መልስ 22 ስድብ ስለነበረበት ተሰርዟል። መልስ 23 ይህን ያህል ስንጽፍ የአንዲት ሴት ስም አለመነሳቱን ወቀሰ፤ ሚራ ናይርን በ1988ቱ «ሰላም ቦምቤ»፣ ካትሪን ቢግሎውን ደግሞ በ2010 የምርጥ ዳይሬክተርነትን ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት በመሆኗ ጠቀሰ። ወቀሳው ይገባናል፤ እኔም የመጀመሪያው ተወቃሽ ነኝ።

መልስ 24 ሁለቱን ወገኖች እንደ ጠላት ማቆማችን ልክ እንዳልሆነ ያሳየ ነው። ሬይ በ1992 ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በካልካታ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ የክብር ኦስካር ሲቀበል፣ ጥበቡን የተማረው ከአሜሪካ ፊልም እንደሆነ ተናግሯል። በወጣትነቱ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ካየ በኋላ ለዳይሬክተሩ ለቢሊ ዋይልደር አሥራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ መልስ አላገኘም። ጸሐፊው በሌላ ታሪክ አጸኑት፦ የሆሊዉዱ ዳይሬክተር ጆን ሂውስተን ለራሱ ፊልም ቦታ ሊመርጥ ህንድ በመጣ ጊዜ ገና ካላለቀው «ፓተር ፓንቻሊ» ቁራጭ አይቶ ለኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስለመሰከረለት፣ ፊልሙ በካልካታ ሲኒማ ቤቶች ከመታየቱ በፊት እዚያ ታየ።

መልስ 25 ዳይሬክተሩን ሪትዊክ ጋታክን ትቶ ስለ ቤንጋል ሲኒማ መናገር ነውር ነው ብሎ ጀመረ። ጋታክ በዳካ ተወልዶ፣ በ1947 ህንድ ስትከፈል የትውልድ ስፍራው ሌላ አገር የሆነበት ሰው ነው፤ የ1960ው «ሜጌ ዳካ ታራ» የተፈናቀለ ቤተሰብ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ሲኖር ያሳያል። አገሩ ከእግሩ ሥር የተወሰደበት ሰው ሁሉ የዚያችን ልጅ ጩኸት ያውቀዋል አሉ። ጸሐፊው በዲያስፖራ የሚኖሩ ይመስለኛል፤ ከዚህ በላይ ስለ ራሳቸው አልጻፉም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም።

መልስ 26 በ1993 የደረሰውን አስታወሰ። የሬይን ኔጋቲቮች የያዘው የለንደን ላቦራቶሪ ተቃጠለ። የተረፉትን የተለበለቡ ጥቅልሎች የሆሊዉዱ አካዳሚ ማኅደር ከዓመት ወደ ዓመት አስቀመጣቸው፤ በጣሊያን ቦሎኛ የሚገኙ ባለሙያዎች ሊድን የሚችለውን በእጃቸው እየጠገኑ አዳኑት፣ የጎደለውም ከሌላ ቅጂ ተሟልቶ በ2015 እንደገና ለእይታ በቃ። ለፎርድ አራት ጊዜ የሸለመው አካዳሚ ነው የሬይን የተቃጠለ ፊልም በመደርደሪያው ያቆየው። እኔ ሬይን መጀመሪያ ያየሁት በተበላሸ የቪዲዮ ካሴት ቅጂ፣ ፊቱ ከጥላው በማይለይበት ሁኔታ ነበር፤ ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ የታደሰውን አየሁ። ሚትራ ያነሳው የዝናብ ጠብታ በኩሬው ላይ ሲያርፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

መልስ 27 አሁንም ፎርድን እመርጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎን ብያለሁ፤ ከመቶ በላይ ፊልም ሠርቶ ያን ሁሉ ዘመን የመቁረጫውን መስመር በራሱ እጅ ያቆየ ሌላ ሰው አላውቅምና። ስለ ሬይ የጻፍኳትን ዓረፍተ ነገር ግን አላጠፋኋትም፤ መልሶቹ ያለ እሷ ስለማይገቡ፣ ከሥሯ እርማቴን አስፍሬ ትቻታለሁ። መልስ 28 የጻፉት የመልስ 7 ባለቤት ናቸው፤ እርማቱ አይበቃም፣ ሬይ አንደኛ ሆኖ ይጻፍ ብለዋል። በዚህ አልተስማማንም።